ስሙ ያልተጻፈ ቅጠል

ሊይዙኝ የመጡት ሁለት ፖሊሶች ወረፋ ጠብቀው ነው የያዙኝ። ይህን ስናገር ሰው የምቀልድ ይመስለዋል። ቴፒ ውስጥ በምሠራበት መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ለአንዲት እናት የሽሮፕ አወሳሰድ እያስረዳሁ ነበር። ሴትየዋ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ፖሊሶቹም ከኋላቸው ቆመው ሦስቴ ሰሙ። ተራቸው ሲደርስ አንደኛው ራሱን በመስኮቱ ዝቅ አድርጎ፣ “ዶክተር፣ ለጥያቄ ትፈለጋለህ” አለኝ። እኔ ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። እኛ ዘንድ ግን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ስለሆነ ማረም ከተውኩ ቆይቻለሁ።

ጥፋቴን አውቀዋለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት በከተማው አዳራሽ ስብሰባ ተጠርቶ፣ ከመድረክ “ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ተስማምቷል” ሲባል እጄን አውጥቼ፣ “ይቅርታ፣ ሕዝቡን የት አገኛችሁት?” ብዬ ነበር። አዳራሹ ሳቀ። መድረክ ላይ የተቀመጡት አልሳቁም። “ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም” እየተባልኩ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ምክሩ ግን በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጥቷል።

ከመሄዴ በፊት አንድ ሥራ ነበረብኝ። በመድኃኒት ቤቱ ጓዳ ሁለት ቁልፍ ያለው ትንሽ ቁም ሣጥን አለ፤ ሞርፊንና መሰሎቹ የሚቀመጡት እዚያ ነው። “ቁልፉን በፊርማ ሳላስረክብ ንቅንቅ አልልም፣ ሕግ ነው” አልኳቸው። ፖሊሶቹ ተያዩ። ለሥራ ባልደረባዬ አስረከብኩ፤ አንደኛው ፖሊስም በምስክርነት ፈረመልኝ። በዚያ ቀን በሕጉ መሠረት የተፈረመው ብቸኛ ወረቀት እሱ ነበር፤ መያዣ ትእዛዝ ያሳየኝ የለም።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የቡና መጋዘን ነበር። ግድግዳው የጀንፈል ቡና ሽታ ይዞ ቀርቷል፤ ዝናብ ሲመጣ ሽታው ይጠነክራል። መስኮት የለውም፤ ከጣራው ሥር ብርሃን የምታስገባ አንዲት ቀዳዳ አለች። አሥራ አንድ ሰው ነበርን። የክፍሉ ካቦ፣ ማለትም ማን የት እንደሚተኛ የሚወስነው እስረኛ፣ ሰው ገጭቶ የታሰረ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ገና በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ፣ “ግባ ዶክተር፣ ታመን ስንጠብቅህ ነበር” አለኝ። ያን ቀን የሰማሁት የመጀመሪያው ደግ ቃል ስለሆነ አሁንም ድረስ እወድደዋለሁ።

ቦታ የሰጠኝ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ነው። ሁሉም አባባ ይሏቸዋል። ከጌጫ ወዲያ ካለው ደጋ የመጡ ንብ አርቢ ናቸው፤ ጋቢያቸው የጭስና የሰም ሽታ አለው። አማርኛ የሚናገሩት ቀስ ብለው ነው፤ እያንዳንዱን ቃል ፈትሸው የሚያወጡት ይመስላል። በምን እንደታሰሩ ስጠይቃቸው፣ “በቅጠል” አሉኝ።

የቀረውን የነገረኝ ሹፌሩ ነው። አባባ ቴፒ አጠገብ ለሚኖረው የልጃቸው ባል ከግንድ የተፈለፈለ ቀፎና አንድ እስር ደረቅ ቅጠል ይዘው በሎንችና ሲመጡ ኬላ ላይ ተፈተሹ። ቅጠሉ በኮባ ተጠቅልሎ ነበር። ፖሊሱ “የማን ነው?” አላቸው፤ “የኔ” አሉ። “ማን ተከለው?” “እኔ፣ ጓሮዬ።” “ለማን ነው?” “ለልጄ ባል ልሰጥ።” “ስሙስ?” ሲላቸው ግን፣ “አልናገርም” አሉ። ጉዳት የሌለው ቅጠል ስሙ የሚደበቀው ለምንድን ነው? ፖሊሱ ይህን ቢያስብ አልፈርድበትም። በካናቢስ ጠርጥሮ አስገባቸው።

በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ለመሞቅ ወደ ግቢው ስንወጣ ሹፌሩ በሰው ሁሉ ፊት፣ “ዶክተር፣ ይህ የአደንዛዥ ዕፅ ነገር ስንት ያስፈርዳል?” ብሎ ጀመረኝ። እኔ ደግሞ የሚያዳምጠኝ ካገኘሁ አልችልም።

“ሕጉ ቅጠልን በመልኩ አይከስስም” አልኩ። “ዝርዝር አለው። አገሮች ተስማምተው የፈረሙት፣ የእኛም አገር የተቀበለችው ዝርዝር ነው። ናርኮቲክ የሚባሉት አሉ፤ ካናቢስ፣ ኮኬይን፣ ኦፒየምና ከእሱ የሚወጡት። ሳይኮትሮፒክ የሚባሉትም አሉ፤ እነሱ አብዛኞቹ የፋብሪካ ናቸው። አንዳንዱን እኔ ራሴ በልዩ ማዘዣ እሰጣለሁ። ሞርፊን በኔ ቁም ሣጥን ውስጥ መድኃኒት ነው፤ ያለ ፈቃድ አንተ ኪስ ውስጥ ከተገኘ ወንጀል ነው።”

“ጫትስ?” አለ ሹፌሩ።

“በእኛ አገር ዝርዝሩ ውስጥ የለም።”

በር ላይ የቆመው ጠባቂ አንድ ጉንጩ ተወጥሮ ነበር። “ተመስገን” አለና ሁላችንም ሳቅን።

“ቡናስ?” አለ ሌላው።

“ቡና ቢከለከልማ ቴፒ በሙሉ ይታሰራል።”

“የት አባቱ ይታሰራል?” አለ ሹፌሩ። “መጋዘኑን እኛ ይዘነው!”

ሳቁ ሲበርድ ስለ ቅጣቱ ነገርኳቸው። ለራሱ የተጠቀመ በአንድ ዓይን፣ የተከለና ያዘዋወረ፣ ለሌላ የሰጠ ደግሞ በሌላ ዓይን እንደሚታይ፤ ሁለተኛው ጽኑ እስራት እንደሚያመጣ፣ ያም በወራት ሳይሆን በዓመታት እንደሚቆጠር አስረዳሁ። ጥሩ አድርጌ በማስረዳቴ ደስ ብሎኝ ዙሪያዬን ሳይ አባባ በትኩረት ያዳምጣሉ።

“ልጄ” አሉኝ፣ “እኔ ተክያለሁ። አድርቄአለሁ። ልሰጥም ነበር።”

ማንም አልሳቀም። እኔም በራሴ አፈርኩ።

ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ቅጠሉ ለምን እንደሚሆን ጠየቅኳቸው። ቀፎ ከመሰቀሉ በፊት ውስጡ በቅጠል ጭስ ይታጠናል፤ ንብ በጭሱ ሽታ ተስባ ትገባለች። ይህን ሁሉም ያውቃል። ምን ቅጠል እንደሆነ ግን በእነሱ አገር የየቤቱ ምስጢር ነው። አባት ለልጁ የሚነግረው ቤት ውስጥ አይደለም፤ ጫካ ወስዶ ነው፣ ያውም አንዴ። አባባ ወንድ ልጅ ስለሌላቸው ለልጃቸው ባል ሊነግሩ ነበር የወረዱት። ምስጢሩ ከቤት ከወጣ ንቧም ትወጣለች ብለው ያምናሉ።

“ታዲያ ለመርማሪው ብቻ፣ በጆሮው ቢነግሩትስ?”

“ይጽፈዋል” አሉ። “የተጻፈ ምስጢር አለ እንዴ?” ከዚያም በአገጫቸው ወደ ግድግዳው አመለከቱኝ። እዚያ የተቀመጠው ጎልማሳ ጎረቤታቸው ነው፣ እሱም ንብ አርቢ ነው። በድንበር ጠብ ነው የታሰረው። የሱ ቀፎዎች ባዶ ሲከርሙ የአባባ ሲሞሉ ዓመታት አልፈዋልና ምስጢሩን ለማወቅ ያላደረገው የለም። ማታ እንኳ የሚተኛው ጆሮውን ወደ አባባ አድርጎ ነው። ሹፌሩ፣ “ይህ ሰውዬ እኮ የተጣላው አባባን ተከትሎ ለመታሰር ነው” ይል ነበር።

አባባን ያስጨነቃቸው ግን የእስራቱ ዓመት ብቻ አልነበረም። የገተማ ዛፍ ሊያብብ ነበር። ነጩ ማር የሚገኘው ከገተማ አበባ ነው፤ ያኔ ቀፎውን ያልሰቀለ ሰው ዓመቱን ሙሉ ባዶ እጁን ይከርማል።

በዘጠነኛው ቀን መርማሪው ራሱ ወደ ግቢው መጣ። ትሑት ወጣት ነው፤ ብብቱ ሥር የአባባን የቅጠል እስር ይዟል። አግዳሚ ወንበር ላይ ፈታውና፣ “ዶክተር፣ እንደ ባለሙያ አንዴ ይዩልኝ” አለኝ። ከታሰርኩ ጀምሮ አንቱ ያለኝ ፖሊስ እሱ ነው።

ቅጠሉን አነሣሁ። ካናቢስ እንዳልሆነ ለማወቅ አንድ እይታ በቃኝ። የካናቢስ ቅጠል እንደ ጣት የተከፋፈለ፣ ዳሩ እንደ መጋዝ ነው፤ ይህ ወጥ ነው፣ ሽታውም ሌላ ነው። አሸት አድርጌ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። እናቴ ጓሮ የነበረ ነው። በደስታ ልናገረው አፌን ከፈትኩ።

ቀና ስል የአባባ ጎረቤት ከሰው ትከሻ በላይ አንገቱን አስግጎ አፌን አፌን ያያል። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

አፌን ዘጋሁ።

“ካናቢስ አይደለም” አልኩ።

“ምንድን ነው ታዲያ?”

“ሕጉ የሚጠይቀው ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ነው። የለም። እፈርማለሁ።”

“ቅጹ እኮ ‘የዕፁ ስም’ የሚል መስመር አለው። ባዶ ትቼ ዐቃቤ ሕግ ምን ይለኛል? ስሙን ይንገሩኝና ዛሬውኑ ልዝጋው። ካልሆነ ሐሙስ መኪና ወደ አዲስ አበባ ስለምትሄድ ናሙናውን ለምርመራ እልካለሁ። መልሱ መቼ እንደሚመጣ እግዜር ይወቅ።” ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ “ለባለቤትዎም ስልክ አስደውልዎታለሁ” አለኝ።

አልዋሽም፣ ፈለግኩ። የባለቤቴን ድምፅ ከሰማሁ ዘጠኝ ቀን ሆኖኝ ነበር። አባባን አየኋቸው። ዓይናቸውን ገልጠው ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ፤ አይሆንም ማለታቸው ነው።

“ስሙ የሳቸው ነው” አልኩ። “ባለቤቱ ካልፈቀደ አልናገርም።”

መርማሪው ትንሽ አየኝና፣ “ዶክተር፣ በመናገር ታስረው ሲያበቁ አሁን አልናገርም ይላሉ?” አለ።

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። እኔም ከሁሉም በላይ ሳቅኩ። ከታሰርኩ እንደዚያ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

አባባ ያኔ ብድግ አሉ። “ቀፎዬ የት ነው?” አሉ። ቀፎው ኤግዚቢት ሆኖ ከተያዙ ሞተር ሳይክሎች ጋር ተቀምጦ ነበር። “ታጥኗል፣ ቤቴ አጥኜዋለሁ። ዛፍ ላይ ስቀሉት። ንብ ከገባች ቅጠሌ የቀፎ ነው። ካልገባች ውሰደኝ፣ የፈለግከውን ጻፍ።”

“አባባ፣ ንብን ምስክር አድርጌ ልቁጠር?”

“ንብ አትዋሽም” አሉት።

የጣቢያው አዛዥ ነገሩን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀና፣ “እስከ ሐሙስ ከሆነ ምን ገደደን? ስቀሉላቸው” አለ። ሹፌሩና ጠባቂው ተጋግዘው ቀፎውን ግቢው መሐል ካለው የአቮካዶ ዛፍ ላይ ሰቀሉት። አባባ ከሥር ቆመው፣ አፉ ወዴት እንደሚዞር፣ ምን ያህል ዘንበል እንደሚል አዘዙ። ጠባቂው ጠመንጃውን ዛፉ ላይ አስደግፎ፣ “እንዲህ ነው አባባ? እንዲህ?” እያለ ይታዘዛል። ለዚያች ግማሽ ሰዓት ማን ታሳሪ፣ ማን አሳሪ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ማክሰኞ ምንም የለም። ረቡዕ ሦስት አራት ንቦች መጥተው አፉን ዞረው፣ ገብተው ወጥተው ሄዱ። እኛ አዘንን፤ አባባ ግን፣ “ቤት ሊያዩ የመጡ ናቸው” ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። የዚያን ቀን ጎረቤታቸው ሽንት ቤት ስንሄድ ክንዴን ያዘኝ። “ዶክተር፣ አንተ አውቀኸዋል፣ ፊትህን አይቻለሁ። ለኔ ብቻ ንገረኝ። ልጆች አሉኝ፣ እኔም ሰው ነኝ።” አሳዘነኝ። “አባባን ለምናቸው” አልኩት። “እሳቸውን ከመለመንስ መሞት ይሻለኛል” አለኝና ክንዴን ለቀቀ።

ሐሙስ ጠዋት መኪናዋ በር ላይ ቆማለች። ናሙናው በፖስታ ታሽጎ መርማሪው እጅ ነው፤ በተከፈተው የክፍላችን በር እናየዋለን። አባባ ሹፌሩ የሰጣቸውን ዳቦ እንኳ ሳይበሉ በእጃቸው ይዘው ቀሩ። ከአምስት ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ከቡና እርሻው በኩል እንደ ሩቅ ሞተር ያለ ድምፅ መጣ። አባባ ዳቦውን አስቀመጡ።

“መጡ” አሉ።

የንብ መንጋው በአጥሩ ላይ ገባ። ግቢው ጨለም አለ። የመኪናዋ ሹፌር መስኮቱን ዘጋ፤ አዛዡ ወደ ቢሮው ሮጠ፤ መርማሪው ፖስታውን ራሱ ላይ አድርጎ ተከተለው። ጠባቂያችን ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ትቶ ጠፋ፤ በራችን ወለል ብሎ ቀረ። ለማምለጥ ከእኛ አንድም ሰው አልወጣም። ይልቁንስ የኛ ሹፌር በሩን ከውስጥ ጎትቶ ዘጋውና ሁለት እጁን ተክሎ ያዘው። “ማንም እንዳይገባ!” ይላል። በስንጥቁ ተጋፍተን እናያለን፤ ከሳቅ ብዛት እንባችን ይወርዳል።

ወደ ውጭ የወጡት አባባ ብቻ ናቸው። ባዶ እጃቸውን ዛፉ ሥር ሄደው ቆሙ። በቋንቋቸው፣ በለሆሳስ ይናገራሉ፤ እንግዳ የሚቀበሉ ነው የሚመስሉት። ንቦቹ ትከሻቸው ላይ፣ ጋቢያቸው ላይ ያርፋሉ። ቀስ በቀስ የመንጋው ድምፅ ተሰበሰበ፣ ወደ ቀፎው አፍ ተጠቀለለ፣ ገባ። ጎረቤታቸው አጠገቤ ሆኖ ይህን ሲያይ፣ “ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!” ይላል። ድምፁ ውስጥ ቅናት አልሰማሁም፤ ለጊዜው እሱም ደስ ብሎት ነበር።

ግቢው ባዶ ነው፤ የውጭው በርም ክፍት ነው። አባባ ወደ በሩ አንዴ አዩ። ከዚያ ዞረው ወደ ክፍላችን መጡ፣ አንኳኩ፣ ሹፌሩ ከፈተላቸው፣ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። “ገቡ” አሉን። ያስቀመጡትን ዳቦ አንሥተው መብላት ጀመሩ።

ከቀትር በኋላ መርማሪው ጠራን። ፖስታውን ቀዶታል። ቅጹን ወደኔ ገፋ አደረገው፤ ‘የዕፁ ስም’ በሚለው መስመር ላይ፣ “ቀፎ ማጠኛ ነው፤ ከተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ስሙን ባለቤቱ ያውቀዋል” ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አዛዡ አነበበው። “እኔም በዓይኔ አይቻለሁ” ብሎ ማኅተሙን መታበት። ስልኩንም ሳልጠይቅ ሰጠኝ። ባለቤቴ አልቅሳ ስትጨርስ፣ “ምን አዲስ ነገር አለ?” ብትለኝ፣ “ንብ መጣ” አልኳት። ያመመኝ መስሏት እንደገና አለቀሰች።

አባባ ተፈቱ፤ ግን አልሄዱም። ንብ የገባበት ቀፎ በፀሐይ አይንቀሳቀስም። እስኪመሽ ድረስ ነፃ ሰው ሆነው ከኛ ጋር ተቀመጡ። ሊሰነባበቱ ሲሉ ወደ ጥግ ሳቡኝ።

“አንተ አወቅከው፣ አይደለም?”

“አውቄዋለሁ አባባ። እናቴ ጓሮ ነበረ።”

ይቆጣሉ ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን በልጅነቴ ከተሳምኩ ወዲህ ማንም እንደዚያ ስሞኝ በማያውቀው አሳሳም ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ ፈገግ አሉ።

“ያወቅከው አንዱን ነው” አሉኝ። “ሁለት ናቸው። ሁለተኛው ከሥሩ ተደብቋል።”

ደነገጥኩ። ዝርዝሩ ውስጥ የለም ብዬ በማኅተም የፈረምኩት ግማሹን ሳላውቅ ነው! ፊቴን አይተው ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ ጎንበስ አሉና የሁለተኛውን ስም በጆሮዬ ነገሩኝ፤ ለወንድ ልጃቸው የሚነግሩትን ያህል በዝግታ፣ አንዴ ብቻ። እግዜር ይመስገን፣ እሱም በየገበያው የሚሸጥ ንጹሕ ነገር ነበር።

እኔ ከሁለት ሳምንት በኋላ ክስ ሳይመሠረትብኝ ተለቀቅኩ። አሁንም እዚያው መስኮት ላይ ነኝ፤ ስብሰባ ሲጠራም እጄን አወጣለሁ። በዚያ ክፍል በሌሎች ቀናት ያየሁት ክፉ ነገር ጠፍቶኝ አይደለም። ስለ እስሩ ሲጠይቁኝ ግን መጀመሪያ የሚመጣብኝ ይህ ቀን ነው፤ ያሰሩኝ በተናገርኩት ነበር፣ ኮርቼ የወጣሁት ባልተናገርኩት ነው። ባለቤቴ ታሪኩን ደጋግማ ሰምታዋለች። አንዳንዴ ስንተኛ፣ “እሺ፣ ሁለተኛውን እንኳ ንገረኝ” ትለኛለች።

አንደኛውንም አልነገርኳትም።